አንዲት «አታካብድ» ያመጣችው ሽምግልና

ቃሏን ከአዲስ አበባ ያመጣት ረጅሙ ጓደኛዬ ነው። ዘጠነኛ ክፍልን እንደጨረስን እሱ ክረምቱን አክስቱ ዘንድ አዲስ አበባ ከረመ፤ እኔ እዚሁ አምቦ መስኮት ላይ ተደፍቼ ዝናብ ሳይ ከረምኩ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ስንገናኝ ግራና ቀኙ የተላጨ ፀጉር፣ ነጭ ጫማና አንዲት ቃል ይዞ መጣ። ፀጉሩን ዩኒት ሊደራችን በሳምንቱ አስቆረጠው። ነጩ ጫማ የአምቦን ጭቃ የቻለው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ቃሏ ግን ከረመች።

«ሁለት ወር ሙሉ እንዴት አንድ ቀን አትደውልም?» አልኩት፣ ከልቤ ቅር ብሎኝ።

«አታካብድ ባክህ» አለኝ፤ ትከሻዬን መታ አድርጎ አለፈ።

ሁለት ወር ያጠራቀምኩት ቅሬታ በአንድ ትንፋሽ ተነነ። ቅር ያለኝ እኔ ነበርኩ፤ ቃሏን ሲናገር ግን ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ። እንዲህ ያለ ነገር በኪሱ ይዞ የሚዞር ልጅ ምን ይጎድለዋል ብዬ ቀናሁበት። የዚያኑ ቀን ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ተለማመድኳት። «አታካብድ።» ቅንድብን ትንሽ ከፍ፣ ከንፈርን ትንሽ ጠመም። ታናሽ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ «ጥርስህን አመመህ?» አለችኝ።

እኛ ልጆች በሁለት ቋንቋ ነው ያደግነው። ክፍል ውስጥ በኦሮምኛ እንማራለን፣ ግቢ ውስጥ በሁለቱም እንጣላለን፣ በሁለቱም እንታረቃለን። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንዱ ተጀምሮ በሌላው ቢያልቅ ልብ የሚለው የለም። አራድነት ግን በአማርኛ ነበር የሚመጣው፣ ከአዲስ አበባ በሚነሳ መኪና ተጭኖ፤ ኋላ ኋላ ደግሞ በስልክ። እስከዚያ ዓመት የምንፈራው ስድብ «ፋራ» መባል ነበር። ፋራ ግን መድኃኒት አለው፤ ጫማ ትቀይራለህ፣ ፀጉርህን ትስተካከላለህ፣ ይለቅሃል። «አካባጅ» መባል የባሰ ሆኖ ተገኘ። አካባጅነት በሱሪ አይሸፈንም።

ጥቅምት ሳይጋመስ ክፍላችን ሌላ ክፍል ሆነ። ፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ደብተሯ ላይ ኅዳጉን በማስመሪያ በቀይ እስክሪብቶ የምታሰምር። አንድ ቀን ከኋላ አንዱ «ምን ታካብዳለች!» አለ። በማግስቱ ማስመሪያውን ተወችው፤ በእጇ ማስመር ጀመረች፤ የዚያ ሰሞን ደብተሯን ያየ በባጃጅ ላይ ሆና የምትጽፍ ነው የሚመስለው። እጅ አውጥቶ መጠየቅ ማካበድ ሆነ። የቤት ሥራ በሰዓቱ ማስረከብ ማካበድ ሆነ። ጃንጥላ መያዝ እንኳ ማካበድ ነው ተባለና አንድ የዝናብ ቀን ጠዋት ስድስት ልጆች ከእግር እስከ ራሳችን በስብሰን ክፍል ገባን። የባዮሎጂ መምህራችን ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየችና፣

«ጃንጥላ የላችሁም?» አለች አዝና።

«አለን» አልናት ስድስታችንም።

ከዚያ ስለ እንቁራሪት የጀመረችውን ትምህርት ቀጠለች።

በዚያው ሰሞን የኬሚስትሪ ፈተና መጣ። እኔና ረጅሙ ማጥናታችን እንዳይታወቅ ስንጠነቀቅ ሳናጠና ቀረን። ከሠላሳ አሥራ አንድ አመጣሁ። ከዚያ በፊት ከሃያ አምስት ወርጄ አላውቅም። ወረቀቱ ሲመለስልኝ አጥፌ ልደብቀው ነበር፤ ነገር ግን ረጅሙ ዘጠኝ ያገኘበትን ወረቀት እንደ ማራገቢያ ፊቱ ላይ እያወዛወዘ ስለነበር እኔም የእኔን አወዛወዝኩ።

ቤታችን ውስጥ ለቃሏ የሚመች ሰው አልነበረም። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ማኅተም ሲመታ እንኳ ቀጥ ማለቱን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያረጋግጠው። ሽሮ ጨው ቢበዛበት «በጨው አጠቃቀም ረገድ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እናቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ እሷም ብትሆን ስለ ምንም ነገር ሁለት ጊዜ ሳትነግርህ አትለቅህም። አንድ ቀን አባቴ የውጤት ካርዴን ሁለት ጊዜ አጥፌ ኪሴ ስለከተትኩ ስለ ሰነድ አያያዝ ሲመክረኝ፣

«አባዬ፣ አታካብድ» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «ምኑን ነው ያካበድኩት?» አለ ከልቡ ለማወቅ ፈልጎ። «በፊት ስንት ኪሎ ነበር?»

ከእሱ ጋር ቃሏ እንደማትሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። ውጭ ግን ትሠራ ነበር። ዋናውን ጥፋት ያጠፋሁትም ውጭ ነው።

አጥራችን ከአጥራቸው የተያያዘ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ብቻ ነው የሚላቸው፤ አቶ እንደማለት ነው፣ እሳቸው ላይ ግን ስማቸው እስኪመስል ድረስ ተጣብቆ ነበር። ከሸነን በኩል ናቸው። እግራቸውን ሲያማቸው እርሻቸውን ለወንድማቸው ትተው ለሕክምና እንዲቀርባቸው አምቦ ገቡ። ልጆቻቸው አንዱ ነቀምቴ፣ አንዷ አዲስ አበባ ተበታትነዋል። ኦቦ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የምሄደው በዚያው በር ነው።

የኦቦ ሰላምታ ሙሉ ነበር። «አከም ቡልቴ ኢልማ ኮ?» ይላሉ፣ እንዴት አደርክ ልጄ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። እናትህ ነጋ? ነጋ እላለሁ፤ ሰላም ናት ማለት ነው። አባትህ ነጋ? ነጋ። እህትህስ? ትምህርቱስ? መምህራኑስ? ቀጥሎ ከብቶቹን ይጠይቃሉ። ከብት የለንም፤ የለንም ማለቱ ግን ጥያቄውን መስበር ስለሚመስል «ነጋ» እላለሁ። ከዚያ ተራዬ ደርሶ እኔ ደግሞ ከላይ እስከ ታች እጠይቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ስናደርግ ኖረናል፤ ረጅም ነው ብዬ አስቤም አላውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ረጅሙ በባጃጅ መጣልኝ። ዘግይተናል። ኦቦ «አከም ቡልቴ» ሲሉ ረጅሙ ከባጃጁ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ያ አስተያየት ምን እንደሚል አውቃለሁ። እጄን ብድግ አደረግኩና «ሰላም ኦቦ!» ብዬ ዘልዬ ገባሁ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ረጅሙ። ቀኑን ሙሉ ደስ እያለኝ ዋልኩ።

በማግስቱም «ሰላም ኦቦ!» በሦስተኛው ቀን ኦቦ ምርኩዛቸውን ይዘው ከበርጩማው ተነሱ። «ኢልማ ኮ፣ ቤት ደህና ነው? የሆነ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ። ረጅሙ አጠገቤ ቆሟል። እኔም በሕይወቴ ደፋር ነኝ ብዬ ባመንኩበት በዚያች ቅጽበት፣

«ኦቦ፣ አያካብዱ!» አልኳቸው።

ረጅሙ መንገዱን ሁሉ ሳቀ። ቃሏ እስከዚያ ቀን በአንተና በአንቺ ብቻ ነበር የምትነገረው፤ የአክብሮት መልክ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። «በእርስዎ አደረጋት!» እያለ ለክፍሉ ሁሉ ነገረልኝ። ያን ቀን እንደተከበርኩት ተከብሬ አላውቅም።

በማግስቱ ኦቦ በርጩማውን አዙረው ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸው ወደ መንገዱ። ቀለል ብሎኝ አለፍኩ።

በዚያው ሳምንት መሰላላችን ተመለሰ። ይህ መሰላል የእኛ ነው፤ ግን ከኦቦ ቤት ከመክረሙ የተነሳ እኛ ራሳችን ስንፈልገው «የኦቦን መሰላል አምጣ» ነበር የምንባባለው። ጭቃው ታጥቦ፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ አገኘነው። እናቴ ቆማ አየችውና ወደ ጓዳ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን ዳቦ የላከችበት ሳህን ተመለሰ፣ ባዶውን። እኛ ሰፈር ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢጠፋ ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። እናቴ ሳህኑን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችና አባቴን ጠራችው።

«ኦቦ ተቀይመውናል» አለችው።

አባቴ ባዶውን ሳህን እንደ ደብዳቤ አነበበው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አጥሩ ነው» አለ።

«የቱ አጥር?»

«ባለፈው ዓመት ሲጠገን… እንጨቱ አልቆምልኝ ብሎ… ምናልባት አንድ ስንዝር ወደ እሳቸው ገፋ አድርጌው ይሆናል።»

«አንተ!» አለች እናቴ፤ ግን ድምጿ ወዲያው ወረደ። «እንቁላሉም ሊሆን ይችላል።»

የኦቦ ዶሮ በአጥሩ ሥር ሾልካ እኛ ጓሮ ነበር የምትጥለው። እናቴ እንቁላሉን መጀመሪያ ላይ ልትመልስ አስባ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን እንግዳ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ለመደ። እህቴ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ማልቀስ ጀመረችና ከአጥሩ ማዶ ከኦቦ ዛፍ አቮካዶ ስታወርድ እንደኖረች ተናዘዘች። አባቴና እናቴ ደንግጠው ተያዩ። ራሳችንን ጻድቅ ቤተሰብ ነን ብለን ስንቆጥር የኖርን ሰዎች በአንድ ምሳ ሰዓት ወንበዴዎች ሆነን ተገኘን።

እኔ ምሳዬን በላሁ። የምለው ነገር እንዳለ ልቤ ያውቃል። ግን «ሰላም ኦቦ ስላልኩ ነው» ብሎ መናገር ያን ጊዜ ማካበድ መሰለኝ።

እሑድ ከአምልኮ እንደተመለስን ኦቦ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፣ ሰው ሲናገር ስሕተት የሚፈልጉለት ዓይነት። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጸሎታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ የኋላ ወንበር የሚደርስ። ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጡ። ለስላሳ ተከፈተ። ኦቦ ብርጭቆውን አልነኩም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ባርከው ጀመሩና ወደ አባቴ ዞሩ። ወሬው ሁሉ በኦሮምኛ ነው።

«ወንድማችን ቅር ተሰኝተዋል። ጎረቤት ነን፤ ነገር ሳይከር ብንነጋገር…»

አባቴ አላስጨረሳቸውም። ሁለት ቀን ሲዘጋጅበት የቆየውን ይዞ ብድግ አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው! አንድ ስንዝር ነው፤ ቢበዛ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ነገ በሜትር አስለክቼ አጥሩን እመልሳለሁ።»

ኦቦ ቀና አሉ። «የቱን አጥር?»

«እንቁላሉንም እንተካለን» አለች እናቴ ከጓዳ በር ላይ።

«የምን እንቁላል?»

«የዶሮዋን…»

«ዶሮዋ ትጥላለች?» ኦቦ ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። «እኔኮ መካን ናት ብዬ ለገና ላርዳት ወስኜባታለሁ!»

እህቴ ተራዋ እንደደረሰ አውቃ «አቮካዶውንም እኔ ነኝ» አለችና ሮጣ ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ብዙ እርቅ አስታርቀዋል፤ እንዲህ ገበያው የደራ ግን ያጋጠማቸው አይመስለኝም። ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው «ሌላስ?» አሉ።

ኦቦ ግራ ተጋብተው አንዴ አባቴን፣ አንዴ እናቴን አዩ። «እኔ ለዚህ ለአንዱም አልመጣሁም» አሉ። «የመጣሁት ስለ ልጁ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ሦስት ቀን ሰላምታዬን ጣለብኝ» አሉ ኦቦ። «ልጅ በራሱ እንዲህ አያደርግም። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተወርቶብኛል፣ ከኦቦ ጋር አትነጋገር ተብሏል አልኩ። ምን ሆናችሁ ብዬ ስጠይቀው ደግሞ በአማርኛ አንድ ነገር ተናገረኝ። ከባድ የሚል ሰማሁበት። ከባድ ነገር አለ ማለት ነው ብዬ አደርኩ።»

«ምን አልካቸው?» አለ አባቴ።

«አያካብዱ» አልኩ ወደ እግሬ እያየሁ።

ርዕሰ መምህሩ ጣታቸውን አነሱ። «በኦሮምኛ ምን ማለት ነው? ተርጉመው።»

ከበደ ኡልፋቴ ነው። አካበደ ደግሞ… አፌ ከጭንቅላቴ ቀድሞ «ሂን ኡልፌሲና» አለ።

የተናገርኩት ነገር የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ቃሉ ማክበድ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን የሰው ጆሮ ቀድሞ የሚሰማበት ሌላ ትርጉም አለው። እኔ ኦቦን በአክብሮት፣ በብዙ ቁጥር፣ «አያስረግዙ» ብዬአቸዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምክሩስ» አሉ በጥንቃቄ፣ «መልካም ምክር ነው።»

«ለእኔ ነው?» አሉ ኦቦ። «በሰባ አምስት ዓመቴ? በዚህ እግሬ?»

እናቴ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍና ጓዳ ገባች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። አባቴ የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰ፤ ጫማው ክር አልነበረውም። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ላብ እያጠመቀኝ አስረዳሁ። እንዲህ ማለት እንዳልሆነ፣ ልጆች የምንባባለው እንደሆነ፣ ነገርን አታግዝፍ፣ አታክብድ ማለት እንደሆነ። ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«በኦሮምኛ» አሉ፣ «ክብደትም፣ ክብርም፣ ከአንድ ቤት የወጡ ቃላት ናቸው። ኡልፊና ክብር ነው። ክብደት የሌለው ነገር ክብር የለውም። ታዲያ እናንተ ልጆች እርስ በርሳችሁ ክብደት አትስጥ ነው የምትባባሉት። ለምን ለምን ነገር?»

አሰብኩ። ለደብተር። ለጃንጥላ። ለኬሚስትሪ። ለመቀየም። «ለምንም» አልኩ።

«ለምንም?»

«ለምንም።»

ኦቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርጭቋቸውን አነሱና አንድ ጉንጭ ጠጡ። «እናትህ ደህና መሆኗንማ አውቃለሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ በፊቴ ነው የምታልፈው። አባትህንም አያለሁ። የምጠይቅህ ስለማላውቅ አይደለም። እስክትመልስልኝ ድረስ ቆመህ ትቆያለህ። ሌላ ማን ይቆምልኛል?»

አፌን ከፈትኩ። ባለፉት ወራት ልብ የሚነካ ነገር በመጣብኝ ቁጥር የምመዛት አንዲት ቃል ብቻ ነበረችኝ፤ ያን ቀን እሷን መምዘዝ አልችልም። ሌላ ቃል ፈለግኩ፤ ቶሎ አልመጣልኝም። የሚያስፈራው ይህ ነበር። ብዙ ቆይቼ «ዲፈማ» አልኩ፣ ይቅርታ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ፈረዱ። ቅዳሜ ኦቦ ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ ሸነን ይሄዳሉ፤ እኔ ዕቃቸውን ይዤ አብሬ እሄዳለሁ፣ አብሬያቸው ሰላምታ እሰጣለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ በጸሎት ዘጉ፤ በጸሎቱ መሃል ዶሮዋንም አነሷት።

ሰኞ ለረጅሙ ነገርኩት። «ሸነን? ሙሉ ቀን? ሰላምታ ስትሰጥ ልትውል?» አለ። «አለቀልህ፣ ፋራ ሆነህ ነው የምትመለሰው።»

ቅዳሜ ሸነን ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ኦቦ ወንድም ቤት ያለው መንገድ ቀጥ ብለህ ብትሄድ የጥቂት ደቂቃ ነው፤ እኛን ጠዋቱን በሙሉ ፈጀብን። ከበግ ሻጩ ጀምሮ የማያውቃቸው የለም። አንዱ ጨርሶ ሲለቀን ሌላው ተራ ይዞ ቆሟል። እኔ አንድ እጄ የኦቦን ዘንቢል ይዟል፣ ሌላው እጄ ይጨበጣል፣ ይሳማል፣ ይወዘወዛል። እናትህ? አባትህ? መንገዱ? ዝናቡ በእናንተ በኩል እንዴት ነው? መጀመሪያ ላይ መልሱን እየቆጠርኩ፣ ማንን እንደዘለልኩ እየተጨነቅኩ ነበር የምመልሰው። አንዲትን አሮጊት በስሕተት ሁለት ጊዜ ሰላም አልኳቸው፤ እሳቸውም ሁለቱንም ጊዜ ሙሉውን መለሱልኝ።

የኦቦ ወንድም ቤት የወንድምየው የልጅ ልጅ ተቀበለችን። የእኔ እኩያ ናት፣ አሥረኛ ክፍል። ኦቦን ጎንበስ ብላ ከዳር እስከ ዳር ጠየቀቻቸው፤ ስለ እግራቸው፣ ስለ አምቦ፣ ስለ ልጆቹ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አንዱንም ሳትዘል። እኔንም በኦሮምኛ እናቴንና አባቴን ጠየቀችኝ። ከዚያ ኦቦ ወደ ውስጥ ሲገቡ በአማርኛ፣

«እና፣ አምቦ ሙዱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ዘንቢሉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አራድነት ሸነን ድረስ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ስልኳን አወጣች፤ ቀጥላ የተናገረቻቸውን ቃላት እኔ ገና አልሰማኋቸውም፤ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ አለፍኳቸው። የአገሬን ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ብሶቴን ዘረገፍኩላት። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው ሰላም እንዳልኩ፣ እጄ እንደዛለ።

«ሰዎቹ ግን አያካብዱም?» አልኳት።

«ማ? እነሱ?» አለች። ከልቧ ገርሟት ነበር። «አንተ ነህ እንጂ የምታካብደው! ሰላምታ ነው፤ ትላለህ፣ ይሉሃል፣ ታልፋለህ። ምን እንደ ፈተና ያስጨንቅሃል?»

በሕይወቴ አካባጅ ተብዬ የተሰደብኩት ያኔ ብቻ ነው፤ የሰደበችኝም ሰላምታ ጨርሳ የምትሰጥ ልጅ ናት።

«ደግሞ ይጠቅማል» አለች ስልኳን እየከተተች። «እኔ ስለ ከብቶቹ ስጠይቅ ከመልሱ የማን ላም እንደወለደች አውቃለሁ። የት ቤት እርጎ እንዳለም አውቃለሁ። አሁን እርጎ ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

እፈልግ ነበር። ሦስተኛው ቤት ወሰደችኝ፤ እውነቷን ነበር።

ስንመለስ ኦቦ መኪናው ውስጥ ደክሟቸው ትከሻዬ ላይ አንቀላፉ። በየፌርማታው የሚሳፈሩ ሰዎች እያዩአቸው ሰላም ይላሉ፤ እንዳይቀሰቅሷቸው እኔ በእሳቸው ፈንታ መልስ ሰጠሁ። እግራቸው ተሽሏቸዋል፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ዝናቡ ጥሩ ነው። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ አላውቅም። አንዱ ሰውዬ ግን ከመውረዱ በፊት «የልጅ ልጃቸው ነህ?» አለኝ። ማስረዳቱ ረጅም ሆነብኝና አዎ አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ ሜትር ይዞ ወጣ። የበላነው ስንዝር ሳይሆን አንድ ክንድ ሆኖ ተገኘ። አጥሩ ሲመለስ የእኛ የጎመን መደብ ግማሹ ወደ ኦቦ ሄደ፤ እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ያን ጎመን በስም ታነሳዋለች። ዶሮዋ ምሕረት አገኘች።

ቃሏ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። በዓመቱ ሌላ ቃል መጣና «አታካብድ» የሚል ልጅ ራሱ ፋራ ተባለ። ፊት ወንበር የነበረችው ልጅ ማስመሪያዋን መልሳ ይዛ አንድ ቀን ስትገባ ማንም ምንም አላላትም። እኔ ኬሚስትሪን ወደ ሃያዎቹ መለስኩት፤ ጥናቱን ግን ለረጅሙ አልነገርኩትም፤ እንዲህ በአንድ ጊዜ ጀግና አይኮንም።

ከእኛ አንዱም በመልካም ምክር ብቻ የተለወጠ እንዳይመስል የመጨረሻውን ልንገር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን ዩኒቨርሲቲ የምንማረውን የምንመርጥበት ቅጽ መጣ። ረጅሙ ቆሞ፣ የሰው ጀርባ ላይ ወረቀቱን አስደግፎ፣ ከጎኑ የነበረውን ልጅ «አንተ ምን ሞላህ?» ብሎ ጠይቆ እሱን ገለበጠ። እኔ ከአባቴ ጋር ቅዳሜ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጬ ሞላሁ። አባቴ ደስታውን አልቻለውም። እያንዳንዱን ምርጫ በሌላ ወረቀት ላይ ጥቅምና ጉዳቱን ጽፎ፣ ረቂቅ አዘጋጅቶ፣ ረቂቁን አርሞ፣ እስክሪብቶው ቀለም እንዳይተፋ አስቀድሞ በጋዜጣ ላይ ሞክሮ አስፈረመኝ።

ያን ያህል ተጨንቄ የመረጥኩትን ሙያ ሁለት ዓመት ሠርቼበት ተውኩት፤ አሁን የምሠራው ሌላ ነው። ረጅሙ ባላየው ወረቀት የእንስሳት ሕክምና ደረሰው። ውሻ ይፈራ ነበር። ዛሬ እንጭኒ ነው ያለው፤ ባለፈው ዓመት ለሥራ በዚያ ሳልፍ አገኘሁት። በጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ አንዲትን ባለ ጥጃ ሴት ስለ ጥጃዋ ይጠይቃታል፤ መቼ ነው የጀመራት፣ ምን በላች፣ ትናንት ስንት ጊዜ ጠጣች፣ ትናንት ወዲያስ። ሴትዮዋ ሰልችቷት አንዴ ሰማይ፣ አንዴ እኔን ታያለች። አጥር ተደግፌ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። አልጨረሰም። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ብቻዬን ሄጄ በላሁ።